ያውቁ ኖሯል? የሚያነጻው ውኃ፣ የሚደፈርሰው ውኃ

ንጹሑን ሰው የሚያረክስ የማንጻት ውኃ በመጽሐፍ ቅዱስ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 ላይ ነው። ነውር የሌለባት፣ ቀንበር ያልተጫነባት ቀይ ጊደር ከሰፈር ውጭ ታርዳ ትቃጠላለች። አመዷ በምንጭ ውኃ ይበጠበጣል። ሬሳ የነካ ሰው በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይረጭበትና ይነጻል። ረጪው ግን ልብሱን ማጠብ አለበት፤ ውኃውን የነካም እስከ ማታ ድረስ ርኩስ ነው። ለረከሰው መድኃኒት፣ ለንጹሑ እድፍ! ክርስትና ስለ ውኃ የተናገረውን ሳነብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህች ጊደር አመድ ነው። ውኃው ያው አንድ ውኃ ነው፤ የሚለየው ወደ እርሱ የቀረበው ሰው ነው።

በኖኅ ዘመን ዝናቡ የወረደው 40 ቀንና 40 ሌሊት ቢሆንም ውኃው በምድር ላይ የበረታው 150 ቀን ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ታሪኩን የጥምቀት ምሳሌ ሲያደርገው አነጋገሩን ልብ ይበሉ፤ ስምንቱ ነፍሳት ከውኃ ዳኑ አይልም፣ በውኃ ዳኑ ነው የሚለው። ዓለሙን ያሰጠመው ማዕበል መርከቢቱን ተሸክሟታልና።

ባሕረ ኤርትራም እንዲሁ ነው። ለእስራኤል መንገድ፣ ለፈርዖን ሠራዊት መቃብር ሆነ፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ያንን መሻገር ጥምቀት ብሎታል።

"ሕያው ውኃ" የሚለው ቃል መጀመሪያ ምንም ምሥጢር እንዳልነበረው ያውቁ ኖሯል? በዕብራይስጥ ሕያው ውኃ ማለት የሚፈልቅ፣ የሚፈስ ውኃ ማለት ነው። ለምጻም የሚነጻበት ሥርዓት በሕያው ውኃ እንዲፈጸም ያዘዘው ኦሪት ዘሌዋውያን ነው። ስለዚህ ሳምራዊቷ ሴት ስለ ሕያው ውኃ ስትሰማ ስለ መቅጃና ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት መጠየቋ ሞኝነት አልነበረም፤ በጆሮዋ የገባው "የምንጭ ውኃ" የሚል ነው። ዛሬ በናብሉስ ከተማ፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚታየው የያዕቆብ ጉድጓድ ወደ 40 ሜትር ይጠልቃል። እውነቷን ነበር።

ነቢዩ ኤርምያስ ሕዝቡን የከሰሰው በሁለት ነገር ነው፤ የሕያውን ውኃ ምንጭ በመተዋቸውና ውኃ የማይዝ ቀዳዳ ጉድጓድ ለራሳቸው በመቆፈራቸው። ከቧንቧ የሚቀዳ ከተሜ አንባቢ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። በይሁዳ ተራሮች ላይ ጉድጓድ ማለት ከአለት ተፈልፍሎ ውስጡ በኖራ የተለሰነ የዝናብ ማጠራቀሚያ ነበር። በዝናቡ ወራት ከጣሪያና ከደጅ የወረደው ውኃ ይገባበታል። በጋው እየገፋ ሲሄድ ውኃው ይተኛል፣ ይሸታል። ልስኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ ውኃው ሰርጎ ያልቅና ከታች ጭቃ ብቻ ይቀራል። ሰው ይህን ለማግኘት ነው ምንጩን ትቶ አለት ሲፈልጥ የኖረው።

ያው ነቢይ በኋላ የተጣለው በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ውኃ አልነበረበትም፤ ጭቃ ነበር። በምሳሌ የተናገረው ነገር መልሶ የገዛ እግሩን ያዘው። ያወጣው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? በንጉሡ ቤት ጃንደረባ የነበረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። 30 ሰዎች ይዞ መጣ። ገመዱን ከመጣሉ በፊት ግን ከቤተ መንግሥቱ ዕቃ ቤት አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ አምጥቶ አወረደለት፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው በመካከል ያደርገው ዘንድ። የነቢዩን ነፍስ ለማዳን እየተጣደፈ የብብቱን ቆዳ ያሰበ ሰው! ስለ ንጽሕና የተጻፉ ብዙ ስብከቶች ከዚህ እላቂ ጨርቅ አይበልጡብኝም።

በማራ መራራውን ውኃ ያጣፈጠው እንጨት ነው፤ በኢያሪኮ ክፉውን ውኃ የፈወሰው ደግሞ ጨው ነው። ጨው ምንጭ ሲያበላሽ እንጂ ሲያድን ያየ የለምና ኤልሳዕ ሆን ብሎ የመረጠው ይመስላል። የዚያ ምንጭ ነው የሚባለው ውኃ ዛሬም በነቢዩ ስም እየተጠራ ኢያሪኮን ያጠጣል።

"ሙስና" የሚለው ቃል ከጉቦ በፊት ሌላ ትርጉም እንደነበረው ያውቁ ኖሯል? በግእዝ ማሰነ ማለት ጠፋ፣ ተበላሸ፣ በሰበሰ ማለት ነው። ሙስና የሥጋ በመቃብር መበስበስም ነበር። ዛሬ በጋዜጣና በፍርድ ቤት የምንሰማው ቃል የመጣው ከዚያ ሽታ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ብልሽት በውኃ ሲሥለው ደግሞ በጣም ቅርብ ሆኖ ይታየኛል። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 34 ወቀሳው በእረኞቹ ብቻ አይቆምም፤ ወደ ወፈሩት በጎች ይዞራል። እነዚህ በጎች ጥሩውን ውኃ መጠጣታቸው አልበቃቸውም። ከጠጡ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው ያደፈርሱታል፤ ከኋላ የደረሱት ከሲታ በጎችም እነርሱ የረገጡትን ይጠጣሉ። ከብት ሲጠጣ አይቶ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ቀድሞ የደረሰው ኮርማ ጠጥቶ አይመለስም፤ ገብቶ ይቆማል። ከታች ቅል ይዛ የምትጠብቅ ልጅ ውኃው እስኪጠልል ድረስ ስንት ሰዓት ትቆማለች? ነቢዩ የተቆጣው ስለ እርሷ ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ በክፉ ሰው ፊት የሚንበረከክን ጻድቅ ከተረገጠ ምንጭ ጋር ያመሳስለዋል። ክፉው አይደለም እዚህ የደፈረሰው፤ ጻድቁ ነው። ሰው ሁሉ ይቀዳበት የነበረ ምንጭ ሲበላሽ ጉዳቱ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንምና።

ጴጥሮስ ሐሰተኞችን መምህራን ውኃ የሌለባቸው ምንጮች፣ ይሁዳ ደግሞ ዝናብ የማያወርዱ ደመናዎችና የገዛ ነውራቸውን አረፋ የሚደፍቁ ማዕበሎች ብለዋቸዋል። የእኛ ሰው በአንድ አባባል ጨርሶታል፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በቃና ዘገሊላ ሰርግ የነበሩት ስድስቱ ጋኖች ለምን የድንጋይ ሆኑ? በአይሁድ ሥርዓት የሸክላ ዕቃ ከረከሰ መሰበር አለበት፤ የድንጋይ ዕቃ ግን ርኩሰት አይቀበልም ነበር። በገሊላ ከኖራ ድንጋይ ዕቃ የሚፈለፈልባቸው የዚያ ዘመን መሥሪያዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ስድስቱ ጋኖች በአንድ ላይ በግምት ከ470 እስከ 700 ሊትር ይይዙ ነበር፤ ሁሉም ለእጅና ለዕቃ መታጠቢያ የተቀመጠ ውኃ። ወይን የሆነው ይህ የመታጠቢያ ውኃ ነው። የዮሐንስን ወንጌል ከዚህ በኋላ ሲያነቡ የመንጻቱ ነገር ከእጅ ወደ ውስጥ እየገባ መሄዱን ይከታተሉ፤ ሳምራዊቷ፣ የቤተ ሳይዳው መፃጉዕ፣ ዕውሩና ሰሊሆም፣ በመጨረሻም የእግር ማጠቢያው።

ሰሊሆምን ካነሳን፦ ጥንታዊው የመጠመቂያ ገንዳ ደረጃዎች የተገኙት እ.ኤ.አ. በ2004 በኢየሩሳሌም የፍሳሽ ቧንቧ ሲጠገን ነው።

ለብ ባለ ውኃ የተመሰለችው ሎዶቅያ፣ በራእዩ ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ፣ ስለ ውኃ በድንጋይ የተቀረጸ ሕግ የነበራት ከተማ እንደሆነች ያውቁ ኖሯል? በዛሬዋ ቱርክ በፍርስራሿ መካከል የተገኘው የእምነ በረድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የ114 ነው። ውኃውን የሚያረክስ፣ መስመሩን የሚሰብር፣ ለግል ጥቅሙ የሚጠልፍ ሰው ከ5,000 እስከ 12,500 ዲናር ይቀጣ ነበር። የከተማዋ የሸክላና የድንጋይ ቧንቧዎች ዛሬም ሲታዩ ውስጣቸው በኖራ ቅርፊት ተደፍኗል።

ጲላጦስ እጁን ሲታጠብ የሮማውያንን ልማድ አልነበረም የፈጸመው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ላይ ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ሲገኝ የአቅራቢያው ከተማ ሽማግሌዎች ውኃ ወደሚፈስበት ሸለቆ ወርደው፣ በዚያ በተገደለች ጊደር ላይ እጃቸውን ይታጠባሉ። ደሙን እንዳላፈሰሱ፣ ሲፈስም እንዳላዩ ይመሰክራሉ። ሥርዓቱ የተሠራው በእውነት ለማያውቅ ሰው ነው። ጲላጦስ ያውቅ ነበር፤ ሰውየው በደል እንደሌለበት በአፉ ተናግሯል። ዛሬ ከአንድ ጥፋት ራሳችንን ስናወጣ "ከደሙ ንጹሕ ነኝ" የምንለው ከዚያች ሳህን ነው የተቀዳው፤ ስንናገረው የማን አፍ እንደነበረ ብናስታውስ ጥሩ ነው። ይህም ሆኖ የእኛ ስንክሳር ጲላጦስን ከሚስቱ ከአብሮቅላ ጋር በቅዱሳን መካከል ያስበዋል። ታጥቦ ያልነጻ እጅ በኋላ በእንባ ሊነጻ እንደሚችል ያመኑ አባቶች ጽፈውታል ብዬ አነበዋለሁ።

ወደ ጥንቱ ክርስቲያኖች እንለፍ። "ዲዳኬ" የሚባለው የሐዋርያት ትምህርት ስለ ጥምቀት ውኃ ደረጃ አውጥቷል። መጀመሪያ የሚፈስ ውኃ፤ ከጠፋ ሌላ ውኃ፤ ቀዝቃዛው ካልተቻለ የሞቀ፤ ሁሉም ካነሰ በራስ ላይ ሦስት ጊዜ ማፍሰስ። መጽሐፉ ጠፍቶ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1873 በቁስጥንጥንያ ተገኘ፣ በ1883 ታተመ።

እስከ ዛሬ ከታወቁት የጥምቀት ቤቶች ሁሉ የሚቀድመው በሶርያ በረሃ፣ በዱራ ዩሮፖስ የተገኘው ነው፤ እ.ኤ.አ. ወደ 240 ገደማ የተሠራ። ተራ የመኖሪያ ቤት ነበር። ከግድግዳው ሥዕሎች አንዱ በጉድጓድ አፍ ያጎነበሰች ሴት ናት፣ ሌላው በባሕር ላይ የሚራመደው ጌታ።

ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ337፣ በሞት አልጋው ላይ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎች ጥምቀትን ያዘገዩ ነበር፤ ከውኃው ከወጡ በኋላ ዳግም እንዳያድፉ ሰግተው።

ተጠማቂው ሰይጣንን የሚክደው ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ እምነቱን የሚመሰክረው ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እንደሆነ በ4ኛው መቶ ዘመን የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ አስተምሯል። በእኛም ቤተ ክርስቲያን የክርስትና አባት ሕፃኑን ታቅፎ ይህንኑ ዙረት ይዞራል። በልጅ ልጅ ክርስትና ቀን ሕፃኑን ያቀፉ አንድ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ ወደ ምዕራብ ሲዞሩ የነጠላቸውን ጫፍ በሕፃኑ ዓይን ላይ ጣል አደረጉ፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ ገለጡት። ማንም አላዘዛቸውም።

በግሪክ የጠበል ገንዳዎች ላይ የሚቀረጸው ዝነኛ ጽሑፍ ከግራም ከቀኝም ቢነበብ አንድ ነው። ፊትህን ብቻ ሳይሆን ኃጢአትህንም እጠብ የሚል ምክር ነው፤ 25 ፊደል አለው። ከዳር ወደ መካከል ቢቆጥሩ 13ኛው ፊደል፣ ማለትም ማዕከሉ፣ የግሪኩ "ታው" ነው፤ መስቀል የሚመስለው።

አሁን ወደሚያሳዝነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ተከሳሽ በገመድ ታስሮ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጣል ነበር። ከሰጠመ ንጹሕ ነው፣ በገመዱ ይወጣል፤ ከተንሳፈፈ ጥፋተኛ ነው። ምክንያቱ ከጥምቀት የተወሰደ ነው፦ የተባረከ ውኃ ኃጥኡን አይቀበለውም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1215 የላተራን ጉባኤ ካህናት እንዲህ ያለውን ፈተና እንዳይባርኩ ከለከለ። ግን አልሞተም። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጀምስ 6ኛ በ1597 ባሳተመው ስለ አጋንንት በሚናገር መጽሐፍ፣ ጠንቋዮች የጥምቀታቸውን ውኃ ስላራገፉ ውኃው በተራው ይገፋቸዋል ብሎ ጻፈ። በዚህ አባባል ስንት ምስኪን ሴት ወንዝ ዳር ተጎትታለች! ቅዱሱን ምሳሌ ወስዶ በድሃ አንገት ላይ ማሰርን ያህል ውኃን የሚያደፈርስ ነገር አላውቅም።

በኦሪትም የውኃ ፈተና አለ፤ በምንዝር ለተጠረጠረች ሴት የሚሰጠው መራራ ውኃ። በእኛ ዘንድ ማየ ዘለፋ ይባላል። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ እንደጠጡትና ንጽሕናቸው እንደተገለጠ የሚናገረው የጥንት ትረካ "የያዕቆብ ወንጌል" በተባለው መጽሐፍም ይገኛል። ልዩነቱን ይዩት፤ በዚህኛው ውኃ ዮሴፍም፣ ወንዱም፣ ጠጥቷል።

ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ፍል ውኃ የሚናገረውን ያውቁ ኖሯል? ነገሥታትና ኃያላን ለሥጋቸው ፈውስ የሚታጠቡበት ውኃ ለነፍሳቸው መቀጫ እንደሚሆን ይናገራል። ሥጋቸው ሲፈወስ መንፈሳቸው ይፈረዳል፤ የሥጋን ደስታ አምነው የመናፍስትን ጌታ ክደዋልና። በዚያው መጽሐፍ የማያልቅ የጽድቅ ምንጭ አለ፤ ዙሪያውን የጥበብ ምንጮች ከብበውታል፤ የተጠሙ ሁሉ ይጠጡበታል።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን የምትጠመቀው ከኦሪቱ የመንጻት ወራት ጋር ብቻ ተያይዞ አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት ገቡ ይላል። ሕፃኑ ወደ ውኃው ሲሄድ ወደ ገነት በር እየሄደ ነው ማለት ነው።

በንጉሥ ሱስንዮስ ዘመን የሕዝቡን ልብ ካቆሰሉት ነገሮች አንዱ ውኃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1626 ከሮማ የተላከው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ አለ። የአያት የቅድመ አያቶችህ ጥምቀት ውኃ ብቻ ነበር ከመባል የበለጠ ምን ስድብ አለ? ንጉሡ በ1632 ሃይማኖታችሁን ያዙ ብሎ ዘውዱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

"ከተራ" ከተረ ከሚለው ነው፤ ገደበ፣ ውኃውን አቆመ ማለት ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ የሚወርዱት ውኃው በተከተረበት ስፍራ ነው፤ በማግሥቱ የሚረጨውም መታሰቢያ እንጂ ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም። ዩኔስኮ በዓሉን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ቀን። እናቴ ሳፋ ከደጅ ታወጣ ነበር። ዝናቡ እንደጀመረ እኛን ልብሳችንን አስወልቃ ትለቀናለች፤ ጎረቤት ሁሉ ልጁን ለቋል። ከጭቃው ወጥተን ስንገባ ከነበርነው ይልቅ ቆሽሸን ነበር፤ እርሷ ግን ከሳፋው በጣሳ እየቀዳች በራሳችን ላይ ስታፈስ ዓመቱን ሙሉ ያጠፋነውን ሁሉ እንደተወችልን በእጇ ይታወቀን ነበር።

በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ። የሚላኑ አምብሮስዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን አዲስ የተጠመቁትን እግር ያጥብ ነበር፤ የሮም ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን አታደርግም ነበርና ሥርዓቱን በጽሑፍ ተከራክሮለታል።

በዮሐንስ ራእይ አመንዝራይቱ የተቀመጠችባቸው ብዙ ውኃዎች ሕዝቦችና ቋንቋዎች ናቸው፤ አውሬውም የሚወጣው ከባሕር ነው። በአዲሱ ሰማይና ምድር ባሕር የለም፤ ወንዝ ግን አለ።

ያንን ወንዝ ከዮሐንስ በፊት ያየው ሕዝቅኤል ነው። ከመቅደሱ መድረክ ሥር ይፈልቃል። አንድ ሺህ ክንድ ሲኬድ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ደግሞ አንድ ሺህ፣ ጉልበት፤ ደግሞ አንድ ሺህ፣ ወገብ፤ ከዚያ በኋላ በዋና እንጂ በእግር አይሻገሩትም። ወደ ሙት ባሕር ይወርድና ጨዋማውን ውኃ ይፈውሰዋል። በዓይንጋዲ ዳር ዓሣ አጥማጆች ቆመው መረብ ያሰጣሉ። አንድ ስፍራ ብቻ አይፈወስም፤ ረግረጉና እቋሪው፣ ውኃ ገብቶ የማይወጣበት፣ ለጨው ይተዋል።

ንዕማን ሰባት ጊዜ የጠለቀበት፣ ጌታችንም የተጠመቀበት ዮርዳኖስ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1964 ከገሊላ ባሕር ትልቁን የውኃ መስመር ከዘረጋች፣ ሶርያና የዮርዳኖስ መንግሥትም ገባሮቹን ከገደቡ ወዲህ ታችኛው ወንዝ አብዛኛውን ውኃውን አጥቷል። የእርሻና የመንደር ፍሳሽ ገብቶበታል። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ የጥምቀቱ ዳርቻ በፈንጂ ታጥሮ ቆየ። በምሥራቁ በኩል ያለው ስፍራ በ2015 በዩኔስኮ ተመዘገበ። ነጭ ለብሰው የሚወርዱ ምእመናን ዛሬ የሚገቡበት ውኃ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው፣ ቡናማና ድፍርስ ነው። የሚፈስስበት ሙት ባሕርም ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል። ነቢዩ መረብ ሲሰጣ ባየበት በዓይንጋዲ ዳርቻ ውኃው ከሸሸበት መሬት ላይ ጉድጓዶች እየተከፈቱ ነው፤ መንገዱንና የተምሩን ማሳ ውጠዋል።